ጠይብ እና ኤፍ ስድስት

ከራጉኤል ወደ ታች ሲወርዱ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሰፈር፣ እትዬ በለጥሻቸው ከባላቸው የወረሱት ጅምላ መደብር አለ። ጠይብ እዚያ ሃያ አራት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርቷል። ዓይነ ስውር ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ ነው፤ እኔ ከእሱ ጋር ስነታረክ የኖርኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

እኔ ማሙሸት እባላለሁ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ነኝ። ሥራችን እንዲህ ነበር። አንድ ጋራዥ ደውሎ «የእንትን ኩሽኔታ አለ?» ይላል። ጠይብ ስልኩን አንስቶ ይሰማና በውስጥ መስመር ወደ እኔ ይደውላል። «ማሙሸት፣ አለ?» ይለኛል። ሄጄ አይቼ እመለሳለሁ፤ እሱ ደግሞ ለደንበኛው ይናገራል። በቀን ስድሳ ጊዜ «ማሙሸት፣ አለ?» ሲሉት ቆሽቱ የማያርር ሰው ካለ ይምጣና ልየው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ ሁልጊዜ ሄጄ አላይም ነበር። ከታችና ከመሃል ያለውን አያለሁ። የላይኛው መደርደሪያ ግን በብረት መሰላል ነው የሚደረሰው፤ አሥራ አራት እርከን ነው፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ የልጅ ጉልበት አይደለም። ስለዚህ የላይኛው ዕቃ ሲጠየቅ ትንሽ ቆየት እልና «የለም» እላለሁ። እትዬ በለጥሻቸው በዓመቱ መጨረሻ ዕቃ ስንቆጥር «ይሄ የላይኛው ለምንድን ነው የማይሸጠው?» ይሉኛል። «ፈላጊ የለውም፣ እትዬ» እላቸዋለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማለት ይህ ነው።

ጠይብ ቤቱ አብነት ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት በነጭ በትሩ መንገዱን እየነካካ በእግሩ ይመጣል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ ኩሊው፣ ጋሪው፣ አይሱዙው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያልፈው። እሱ እዚያ መሃል መሻገሪያ ሲጠብቅ አንዳንድ ሰው መጥቶ መዳፉ ላይ ሳንቲም ያደርግለታል። አንድ ቀን አብሬው ነበርኩ። አንዲት ሴት ሳንቲም አስጨብጣው ስትሄድ «እህቴ፣ ተቀበይኝ፤ እኔ ሥራ እየገባሁ ነው» ብሎ ተጣራ። ሴትዮዋ ሄዳለች። ሳንቲሙን ራጉኤል ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን ሰጠ። የዚያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ከስልክ ሥራው ውጭ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ወር እትዬ በለጥሻቸው የስልክ ማዞሪያውን ሊያስነቅሉ ወሰኑ። ማሽኑ አርጅቷል፤ ሰዉም በሞባይል ነው የሚደውለው። ጠይብን ጠሩት፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ጠይብ፣ ከእንግዲህ ቤትህ አረፍ በል» አሉት። «ደመወዝህን ወር በገባ ቁጥር እልክልሃለሁ። ቃሌ ነው።»

እኔ በልቤ መረቅኋቸው። ስንቱ አሠሪ እንደዚህ ያደርጋል? ጠይብ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ሠርቼ ነው የሚልኩልኝ፣ እትዬ?»

«ሃያ አራት ዓመት ሠርተሃላ።»

«የሠራሁበትን በየወሩ ከፍለውኛል። ሳልሠራ የሚሰጠኝ ነገር ስሙ ሌላ ነው። እሱን መንገድ ላይም ይሰጡኛል።»

እትዬ ቅር አላቸው። ቅር ያሰኛል። እሱ ግን አላቆመም። ደንበኛ የሚፈልገው «አለ ወይስ የለም» የሚለውን ብቻ ነው፤ መልሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተመዝግቧል፤ አንድ ስልክ ስጡኝና እኔው ከኮምፒውተሩ አውጥቼ ልመልስ፣ መጋዘን ድረስ መጠየቅም አያስፈልግም፣ አላቸው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሙሸት፣ ይሆናል?»

«አይሆንም» አልኩ። «ስክሪኑን ሳያይ በምን ያነበዋል? ደንበኛ ስልክ ይዞ ስንት ሰዓት ይጠብቃል?» ይህን ያልኩት ለመደብሩ አስቤ አይደለም። ጠይብ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ የእኔ «የለም» እንደሚጋለጥ ገብቶኛል።

እትዬ ጥቂት አሰቡና ሦስት ሳምንት ሰጡት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማሙሸትን ጠይቆ ከሚመልስበት ጊዜ ሳይዘገይና ሳይሳሳት መመለስ ከቻለ ወንበሩ የእሱ ነው። ካልቻለ ቤቱ ይቀመጣል፣ የሚላክለትንም ሳይከራከር ይቀበላል። ጠይብ «እሺ» አለ። ሲወጣ በትሩ ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ በፊት ከዚያ በር ጋር ሲጋጭ አይቼው አላውቅም።

ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ መናገር አለብኝ። የዕቃ መመዝገቢያችን የድሮ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው። ፕሮግራሙ ያለው ኋላ ክፍል በተቀመጠ ሰርቨር ውስጥ ነው፤ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚደረስበት ተርሚናል በሚባል ሶፍትዌር ነው። የሚታዘዘው ደግሞ ኪቦርዱ አናት ላይ በተደረደሩት የኤፍ ቁልፎች ነው። ኤፍ ስድስት ፍለጋ ይከፍታል፤ ኤፍ ስምንት ስንት ዕቃ እንደቀረና የት እንዳለ ያሳያል። ሌላው ሁሉ በዚህ ኋላ ቀር ነገር ይስቃል። ጠይብ ግን ደስ አለው፤ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ስክሪን የሚያነብለት ፕሮግራም በጆሮው ሊነግረው ይችላል። እንግሊዝኛውን ድሮ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጠንቅቆ ተምሮታል።

መጀመሪያ ቁልፎቹን በእጁ እየተጫነ ሞከረ። ሆነለት፤ ግን አንድ ዕቃ ለማግኘት ሦስት ገጽ ማለፍ አለበት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ድምፁ ሃያ አራት መስመር ያነብለታል። ቀኑን፣ የመደብሩን ስም፣ የማያስፈልገውን ሁሉ። አንድ መልስ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ጉልበቴን ይዤ እንኳ ከዚያ እፈጥናለሁ።

«ስክሪፕት እጽፋለሁ» አለ።

ስክሪፕት ማለት፣ እንዳስረዳኝ፣ ለተርሚናሉ አስቀድሞ የሚጻፍ የትእዛዝ ወረቀት ነው። ኤፍ ስድስትን ላክ፤ ፍለጋው ሲከፈት የዕቃውን ቁጥር ጻፍ፤ ኤፍ ስምንትን ላክ፤ ብዛቱ የሚመጣበትን መስመር ጠብቅ፤ እሱን ብቻ አንብብልኝ። እሱ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል፤ ሌላውን ስክሪፕቱ ይጨርሰዋል።

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያይ ፉርቃን የሚባል ባለሙያ አለ። ረጋ ያለ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። እሱ የቁልፎቹን ኮድ ሰጠው። ለእኛ አንድ ቁልፍ የሆነው ኤፍ ስድስት በመስመሩ ላይ የሚሄደው አምስት ምልክት ሆኖ ነው፦ መጀመሪያ ኤስኬፕ፣ ከዚያ ቅንፍ፣ አንድ፣ ሰባት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት የተጣመመች ጭረት። ጠይብ እነዚህን በቀዳዳ ሰሌዳውና ስታይለስ በሚባለው መውጊያው ጠንካራ ወረቀት ላይ በብሬል ወጋቸው።

ለእኔም ሥራ መጣ። ደንበኛ የዕቃ ቁጥር አያውቅም፤ «ሞተሪኖ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ካንዴላ» ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቁጥር እንጂ ሞተሪኖ አያውቅም። ስለዚህ እትዬ አዘዙኝና ለሁለት ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት ከጠይብ አጠገብ ተቀምጬ የዕቃውን የመርካቶ ስምና ቁጥሩን ሳነብለት፣ እሱ ሲወጋ ዋልን። ካርዶቹ አምስት የጫማ ካርቶን ሞሉ። አንዳንዴ ሆን ብዬ በፍጥነት አነባለሁ። «ድገመው» ይላል እንጂ አይቆጣም። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ስንደርስ ልዘል ፈለግሁ። «ይሄ ብዙም አይፈለግም» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ ይጠየቃል እኮ» አለ፣ ስታይለሱን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «አንብብ።»

አነበብኩ።

ካርዱ አለቀ፣ ስክሪፕቱ ተጻፈ፣ ግን አልሠራም። ጠይብ ቁጥር ጽፎ ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ይልና ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል። አሁንም ያስነሳዋል፤ አሁንም ይመለሳል። ሊፈተን አራት ቀን ሲቀረው ፉርቃን መጥቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ብዙ ቆየ። ኤፍ ስድስትን በእጁ ሲጫን ፍለጋው ይከፈታል። ያው ኤፍ ስድስት ከስክሪፕቱ ሲላክ ያስወጣል።

«ጋሽ ጠይብ፣ ሰርቨሩ አሮጌ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከስክሪፕት የሚመጣ ቁልፍ አይቀበልም መሰለኝ። ይቅርብዎ፤ በእጅ ይሥሩ።»

«በእጅ ከሆነ አልደርስም» አለ ጠይብ። «እንደገና ላስነሳው፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።»

አስነሳው። ስክሪኑ እንደለመደው ብልጭ አለ።

«ስንት ጊዜ ጮኸ?» ብሎ ጠየቀን።

እኔና ፉርቃን ተያየን። ኮምፒውተሩ ያልገባው ነገር ሲደርሰው ጢጥ እንደሚል እናውቃለን፤ የቆጠረ ግን ከእኛ ማን አለ? ሁለታችንም ዓይናችን ስክሪኑ ላይ ነበር።

«አራት ጊዜ» አለ ጠይብ። «ሁልጊዜ አራት ነው፤ በመካከላቸውም እኩል እረፍት አለ። የላክሁት ግን አምስት ምልክት ነው። አንዱ ሳይጮህ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው። ፉርቃን፣ የመጀመሪያው ምልክት ብቻውን ቢደርሰው ሰርቨሩ ምን ያደርጋል?»

«ኤስኬፕ ብቻውን? ውጣ ማለት ነው፤ ይወጣል» አለ ፉርቃን፤ ከዚያ እሱም ቀና አለ። «የቀሩትን አራቱን ደግሞ መግቢያው ገጽ አያውቃቸውም፤ ይጮህባቸዋል። ግን እኮ አምስቱ አንድ ላይ ከደረሱት ቁልፍ መሆኑን ያውቃል። ማን ለያያቸው?»

ጠይብ ጆሮው ሥር ቀላ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠይብ ሥራ በጀመረ ጊዜ የነበረው የስልክ መስመር ቁጥር በፍጥነት ከተመታ ይውጥ ነበር። አንዱን ቁጥር መትቶ፣ ትንፋሽ ሰጥቶ፣ ሌላውን መምታት ያስፈልጋል። ሃያ አራት ዓመት ጣቱ እንደዚያ ኖሯል። ስክሪፕቱን ሲጽፍም አሮጌው ሰርቨር እንዳይደናገር ብሎ ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ የግማሽ ሰከንድ እረፍት ጨመረበት፤ ለፉርቃን መንገር እንኳ ትዝ አላለውም። ለሰርቨሩ አዝኖ ያደረገው ነው ራሱን የጎዳው። ኤስኬፑ ቀድሞ ሲደርስ ሰርቨሩ ግማሽ ሰከንድ ሙሉ ሌላ ነገር ስላልመጣለት «ውጣ» ተባልኩ ብሎ ወጣ።

ፉርቃን ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጠይብ አልሳቀም፤ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበው። በቁልፉ ውስጥ የነበረውን እረፍት አጠፋ፤ አምስቱን ባንድ ትንፋሽ እንዲሄዱ አደረገ። እረፍቱን ወስዶ በአንድ ገጽና በሚቀጥለው ገጽ መካከል አስገባው፤ መጠበቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። አስነሳው። አንድም ጢጥ አልተሰማም። ወዲያው ድምፁ ለብቻው አንዲት መስመር አነበበ፤ ብዛት ሦስት፣ መደርደሪያ ሁለት፣ ታች።

ያን ቀን ተነስቼ ሄጄ ማየት ነበረብኝ እንጂ አላየሁም። ሦስት እንዳለ ስለማውቅ ነው።

የፈተናው ቀን ሰኞ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠይብ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ስልኩ ሁላችንም እንድንሰማ በድምፅ ማጉያ ሆነ። ጠይብ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ካርቶኖቹን በግራ እጁ በኩል ደርድሯል።

የመጀመሪያው ደዋይ ካንዴላ ጠየቀ። ጠይብ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ሰደደ፣ በጣቱ አነበበ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ መለሰ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ ነው የመለሰለት። ሁለተኛው ሞተሪኖ ነው፤ እሱም እንዲሁ። እትዬ እግራቸውን ማወዛወዝ ትተዋል። ከስድስት ስልክ በኋላ ውቤ ደወለ፤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ጋራዥ ያለው ሰው ነው።

«ጠይቤ፣ ያ የቅጥቅጡ አውቶቡስ ፍሪሲዮን ሸራ መጣ?» አለ። «ቅዳሜ መጋዘን ጠይቀህ የለም ብለኸኝ ነበር። መኪናው እስካሁን እንደቆመ ነው፤ ባለቤቱ ሊበላኝ ነው።»

ቅዳሜ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጠይብ ጣቱን ካርዱ ላይ አሳለፈ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ሰማ። እኔ ወዳለሁበት ፊቱን መለስ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረ።

«ሰባት አለ ይላል» አለ። «መደርደሪያ አሥራ አንድ፣ የላይኛው።»

«ታዲያ ቅዳሜ?» አለ ውቤ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። «ማሙሸት፣ ቅዳሜ የለም ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አይተህ?»

«አይቼ» አልኩ።

«እንግዲያው ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል» አሉ። «ማሽኑ የሌለ ዕቃ አለ የሚል ከሆነ ጠይብ በእሱ እየተማመነ ለደንበኞቼ እንዲዋሽ አልፈቅድም፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ሂድና እይ።»

ጠይብ «ማሙሸት፣ የመጋዘኑን ስልክ ክፍት አድርገው፤ እዚህ እንድንሰማህ» አለኝ።

ወደ መጋዘን ሄድኩ፤ ስልኩን አነሳሁና መነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መደርደሪያ አሥራ አንድ ሥር ቆምኩ። ከታች ሆኖ የላይኛው አይታይም። ማንም አይከተለኝም። ትንሽ ቆየት ብዬ «የለም» ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ካስፈለገም ካርቶኑን ሌላ ቦታ አዞረዋለሁ። የእኔ ሃያ ዓመት ይሸፈናል፤ ጠይብ ቤቱ ይቀመጣል፤ ደመወዙም ይላክለታል፤ አይራብም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ማሰቤን እንኳ ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል። ከዚያ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዙ ታወሰኝ። ያቺ ሴትዮ ያስጨበጠችው ሳንቲምም ታወሰኝ።

መሰላሉን ጎተትኩና ወጣሁ። ሲንቋቋ ሰፈር ይሰማል። አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካርቶኑ አቧራ በጣት ይጻፍበታል። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። አንዱን በብብቴ ይዤ ወረድኩና መነጋገሪያውን አነሳሁ።

«ሰባት ነው» አልኩ። ከዚያ፣ ለምን እንዳልጠበቅሁ አላውቅም፣ እትዬ እየሰሙ ቀጠልኩ። «ማሽኑ ልክ ነው። ቅዳሜ አልወጣሁም። አላየሁም።»

ከዚያኛው ወገን ውቤ ብቻ «ኧረ አንዱን ላኩልኝ» ሲል ሰማሁ።

ሸራውን ይዤ ስመለስ እትዬ ተነስተው ቆመዋል። እኔን ያሉኝን አልጽፈውም፤ ይገባኛል። አንድ ወር ሙሉ የላይኛውን መደርደሪያ ብቻዬን እንድቆጥር አዘዙኝ። ለጠይብ ግን «ማዞሪያው ነገ ይነቀላል፤ ወንበርህ ይቆያል» አሉት። ጠይብ ከተቀመጠበት ብድግ አለና እጁን ዘረጋ፤ እትዬ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ነገ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሰዓት ተኩል እገባለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«መሰላሉ ሲንቋቋ በስልኩ ይሰማል» አለ። «ስትወጣ እሰማለሁ። ሳትወጣም እሰማለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት? ታዲያ ለምን ለእትዬ አልነገርካቸውም?»

ካርዶቹን ወደ ካርቶናቸው እየመለሰ ነበር፤ እጁን አቆመ።

«ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ማሙሸት? ዓይነ ስውሩ ጠይብ፣ ማሙሸት አላየም ብሎ ቢከስ ማን ያምነዋል?»

ስልኩ ጠራ። አንድ ጋራዥ ባሌስትራ ጠየቀ። ጠይብ ጻፈ፣ ሰማ፣ ለሰውየው መለሰለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

«መደርደሪያ አራት፣ የላይኛው» አለኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። መሰላሉን ስወጣ እንዲሰማው ብዬ የመጋዘኑን ስልክ አንስቼ ክፍት ተውኩት።